ከጽሑፉ በፊት ምን እናስተምር? ለማኅበረሰብ ድራማ ጀማሪ ተዋንያንን ስለማዘጋጀት

ጦሳ ሥር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ናችሁ? እህታችሁ ነኝ፣ ከደሴ።

በአንድ ወጣት ማዕከል የድራማ ክበብ አስተባብራለሁ። ልጆቹ ከ16 እስከ 22 ዓመት ናቸው፤ ሴቶቹ ይበዛሉ። አብዛኞቹ መድረክ የሚያውቁት ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ላይ ግጥም ሲያነቡ ነው። አሁን ስለ ዐረብ ሀገር ስደት ድራማ እንድንሠራ ተጠይቀናል። የምናሳየው አዳራሽ ውስጥ አይደለም። ትምህርት ቤት ግቢ፣ መናኸሪያ አካባቢ፣ ከተሳካ ደግሞ የባቲ ሰኞ ገበያ ላይ ነው።

ያሠራን ድርጅት የተጻፈ ድራማ ልኮልናል። ልጅቷ ትሄዳለች፣ ትጎዳለች፣ ተመልሳ ታለቅሳለች። መጨረሻ ላይ አንድ ባለሙያ ወጥቶ ምክር ይሰጣል። ልጆቹ ወዲያው ሸመደዱት። ጥናቱን ሳይ ግን ልቤ አይረካም። አንዱ ሲናገር ሌላው የራሱን ተራ ነው የሚጠብቀው። እናት ሆና የምትጫወተው ልጅ "እማ፣ ልሄድ ነው" ስትባል ፊቷ ላይ ምንም የለም። የሚቀጥለውን ቃሏን እያስታወሰች ነው።

እኔ የምፈልገው ተመልካቹ ተነሥቶ የሚገባበትን ዓይነት ነው፤ ፎረም ቲያትር የሚሉትን። ግን ልጆቹ ለእሱ የሚሆን መሠረት አላቸው ብዬ አላምንም። ሁለት ወር ገደማ ጊዜ አለን። ከምን ልጀምር? ከድምፅ? ከአካል እንቅስቃሴ? ከፈጠራ? የሠራችሁበት ሰዎች እባካችሁ።

ቦርከና

እህቴ፣ ችግሩን በደንብ አይተሽዋል። "የራሱን ተራ ነው የሚጠብቀው" ያልሽው ዋናው ነገር እሱ ነው። ከመስማት ጀምሪ። ጽሑፉን ለጊዜው ሰብስቢና አስቀምጪው።

በአዳራሽ ቲያትር የማያዳምጥ ተዋናይ ሊያመልጥ ይችላል። ቃሉን ያውቃል፣ ጓደኛውም ቃሉን ያውቃል፣ ነገሩ ይሄዳል። በፎረም ቲያትር ግን ከገበያው መሀል አንዲት ሴትዮ ተነሥታ "ቆይ፣ እኔ በልጅቷ ቦታ ልሁን" ትላለች። እሷ ጽሑፍ የላትም። ምን እንደምትል ማንም አያውቅም። ያን ጊዜ ልጆችሽ የሸመደዱት ሁሉ አይጠቅማቸውም። የሚያድናቸው ጆሯቸው ብቻ ነው።

ብራዚላዊው አውጉስቶ ቦአል ይህን ዓይነት ቲያትር ያገኘው ተቀምጦ አስቦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የአገሩ ወታደራዊ መንግሥት አሰረው፣ አሰቃየው፣ ከዚያ ተሰደደ። በ1973 ፔሩ ውስጥ በአንድ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ተመልካቹ ሐሳብ ይሰጣል፣ ተዋንያኑ ሐሳቡን ይጫወቱታል። አንድ ቀን ባሏ ያታለላት ሴት ታሪክ ቀረበ። ከተመልካቹ መሀል አንዲት ግዙፍ ሴት፣ ሚስትየዋ ባሏን በግልጽ ታናግረውና ከዚያ ይቅር ትበለው አለች። ተዋናይዋ ሞከረች። ሴትዮዋ "እንደዚህ አይደለም" አለች። ተዋናይዋ ደግማ ሞከረች። አሁንም አይደለም። ሴትዮዋ ተናደደች። ቦአል በመጨረሻ "እንግዲያው ነዪና አሳዪን" አላት። ወጣች፤ ባል የሆነውን ተዋናይ በመጥረጊያ እንጨት ወቀጠችው። እሷ "በግልጽ ታናግረው" ስትል ይህን ማለቷ ነበር።

ተዋናይዋ ቃሉን ሰምታለች። ሴትዮዋን ግን አልሰማቻትም። እኛ ልጆቻችንን ማስተማር ያለብን ያንን ልዩነት ነው።

ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨዋታ በጨዋታ ብታደርጊው ይሻላል። ከውጭ የመጣ የሥልጠና መመሪያ አያስፈልግሽም፤ ያደግንበት ይበቃል። እንካ ሰላንቲያን ውሰጂ። ሕጉን ብቻ ትንሽ ቀይሪው፦ ቃሉን የሚመርጠው የሚገጥመው ልጅ ሳይሆን ሌላኛው ይሁን።

– እንካ ሰላንቲያ!
– በአገዳ ይሁንልህ!
– ሳትሰማ አትመልስ እንደ ሩቅ እንግዳ!

ቤት የሚመታው የተሰጠውን ቃል ከሰማ ብቻ ነው። አስቀድሞ አዘጋጅቶ የመጣው ልጅ ወዲያው ይታወቃል፤ ጓደኞቹ ይጮሁበታል። ሲለምዱት ግጥሙን ትተሽ በተራ ንግግር አድርጊው። የጓደኛህን የመጨረሻ ቃል ሳትደግም መናገር አይቻልም በዪ። መጀመሪያ ይንተባተባሉ። ከዚያ ንግግራቸው ይረጋጋል፣ ዓይን ለዓይን መተያየት ይጀምራሉ።

አኩኩሉንም አትናቂው። ዓይኑን የታሰረ ልጅ መሀል ይቁም፣ ሌሎቹ ተራ በተራ "አልነጋም" ይበሉ፣ እሱ ማን እንደሆነና የት እንዳለ በእጁ ይጠቁም። የገበያ ዳር ተዋናይ ከጀርባው ማን እንደተንቀሳቀሰ ዞሮ ሳያይ ማወቅ አለበት።

ድምፀ መረዋ

ቦርከና ያለው ልክ ነው፤ ግን ድምፁን ወደ ኋላ አትግፉት። በገበያ ውስጥ ካልተሰማሽ የሰማሽው ሁሉ ከንቱ ነው። እኔ ቲያትር ነው የተማርኩት፣ አሁን የወጣት ክበቦችን አሠለጥናለሁ። ደጋግሜ የማየው ጉድለት አንድ ነው፤ ልጆቹ ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብለው ይጀምሩና መጨረሻው ላይ ይሞትባቸዋል።

ይህ በአማርኛ ትልቅ ጉዳት ነው። ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ነውና። "እኔ ልጄን ዐረብ ሀገር..." ካለች በኋላ "አልክም" ትበል "እልካለሁ" ትበል ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ የቆመ ሰው አይሰማም። እናትየዋ ተቃወመች ወይስ ፈቀደች? ድራማው እኮ እሱ ነው! ትንፋሻቸውን መጀመሪያ ላይ ጨርሰው ለማሰሪያው ምንም አያስቀሩም።

እኔ የማሠራው ይኸው ነው። ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይቆማሉ። አንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሌላው የሰማውን የመጨረሻ ቃል ብቻ ይደግማል። በትክክል ከደገመ ሁለቱም አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሜዳው እስኪያልቅ። መጮህ ክልክል ነው። የጮኸ ልጅ ጉሮሮውን ይይዘዋል፣ በማግሥቱ ድምፁ ይዘጋል። እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ያድርጉ፤ አየር ሲያስገቡ ሆዳቸው ይነፋ፣ ትከሻቸው አይነሣ። ትከሻው የሚነሣ ልጅ ትንፋሹ ደረቱ ላይ ነው የቀረው ማለት ነው።

ሜዳ ላይ ስትወጡ ደግሞ ነፋሱን እዩ። ነፋሱ ከጀርባችሁ ወደ ተመልካቹ ይንፈስ። ግድግዳ ካለ ግድግዳውን ጀርባ ስጡት፣ ድምፅ ይመልስላችኋል። ሞንታርቦ ቢሰጧችሁ ለዘፈኑና ሕዝብ ለመጥራት ተጠቀሙበት። ለድራማው ግን አይሆንም። አንድ ማይክ እየተቀባበሉ የሚጫወቱ ልጆች እጃቸውም ዓይናቸውም ማይኩ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ ወሎ ሆናችሁ ትንፋሽን ከሩቅ አትፈልጉት። መንዙማ የሚያወጣ ሰው እንዴት ትንፋሹን እንደሚያስረዝም፣ ተቀባዩስ እንዴት አንድ ላይ እንደሚገባ ቁጭ ብሎ መስማት ትልቅ ትምህርት ነው።

ሐይቅ ዳር

መስማቱ ጥሩ ነው፣ እስማማለሁ። ግን እባካችሁ መንዙማን የልምምድ ማሟሟቂያ አታድርጉት። ውዳሴ ነው፣ ጸሎት ነው። ከልጆቹ ወላጆች አንዱ ቢያይ ያዝናል፤ ልጁንም ያስቀርባችኋል። በምትኩ የጅጊ ዘፈን ተጠቀሙ። አጨዳ ላይ የሚዘፈነው እኮ ለሥራ የተሠራ ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ አካልም አብሮ ይሠራል። ድምፅና እንቅስቃሴ አንድ ላይ ይመጣላችኋል፣ ማንም ቅር አይለውም።

ድምፀ መረዋ

ሐይቅ ዳር፣ እውነትህን ነው። ጅጊው ይሻላል። አጨዳውን በባዶ እጅ እየሠሩ መዝፈን በራሱ ጥሩ የአካል ልምምድ ነው። ጎንበስ ብሎ ድምፅ ማውጣት የቻለ ልጅ ቆሞ አያቅተውም።

የቀድሞ ኪነት

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ከዚያም በኋላ በትምህርት ቤት ጸረ ኤድስ ክበቦች ድራማ አዘጋጅቻለሁ። የምታወሩት መልካም ነው፤ ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል።

"ጽሑፉን አስቀምጪው" መባሉ አልተዋጠልኝም። ጀማሪ ልጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ቃለ ተውኔቱን ውሃ አድርጎ የጠጣ ልጅ ነው ኋላ ነፃ የሚሆነው። "በል ፍጠር" ብለሽ ሜዳ ላይ ብትለቂው የሚፈጥረው ቀልድ ነው። ሕዝቡ ይስቃል፣ ልጁም ሳቁን ይወደዋል፣ ቁም ነገሩ እዚያው ይቀራል። ይህን ስንት ጊዜ አይቻለሁ።

ደግሞ ሥርዓት። እኛ ጥናት 11 ሰዓት ከተባለ 11 ሰዓት ነበር። ያረፈደ ውጭ ይቆማል። ገበያ ስንገባ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን እናስፈቅዳለን፣ ከዚያ ከበሮ እንመታለን፣ ሕዝቡ ሲሰበሰብ እንዘፍናለን፣ ድራማው የሚመጣው ከዚያ ነው። ተመልካች እንዲሁ ዝም ብሎ አይከብሽም። መሰብሰብም ችሎታ ነው። መልእክቱም ግልጽ መሆን አለበት። ሰው ሸክሙን አውርዶ ቆሞ ነው የሚያይሽ፤ ምን ልትዪው እንደፈለግሽ ይወቅ።

ቦርከና

ጋሼ፣ ስለ ሥርዓቱና ስለ ከበሮው ያሉትን ቃል በቃል እቀበላለሁ። ሕዝብ አሰባሰብ ላይ ከእናንተ ትውልድ የሚሻል የለም። ስለ ቀልዱም ልክ ነዎት፤ ሳቅ ጀማሪን ያጠምደዋል። ጽሑፉም ይመለሳል፤ እኔ ያልኩት ለጊዜው ነው።

በመልእክቱ ላይ ግን ልከራከርዎት። ቦአል ራሱ መጀመሪያ ላይ መልእክት ይዞ ነበር የሚዞረው። ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ለገበሬዎች ተውኔት ያሳዩ ነበር። መሣሪያ ይዘው፣ ለመሬታችን ደማችንን እናፍስ ብለው ይዘምራሉ። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ልቡ ተነክቶ መጣ። መሣሪያችሁን ይዛችሁ ከእኛ ጋር ኑ፣ መሬታችንን የነጠቀንን ሰው አብረን እንውጋ አላቸው። መሣሪያው የመድረክ ነው፣ አይተኩስም አሉት። ግድ የለም፣ እኛ የሚተኩስ አለን፣ ኑ ብቻ አለ። አይሆንም ማለት ግድ ሆነባቸው። ገበሬውም ይፈሳል የምትሉት ደም ለካ የእኛ ደም ነው አላቸው። ቦአል ከዚያ በኋላ እንደዚያ ዓይነት ተውኔት መሥራት አቆመ።

አሁን ወደ ደሴ እንምጣ። የ18 ዓመት ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ እኩያውን "አትሂጂ" ይላታል። እሷ ቤቷ ዕዳ አለባት። ጎረቤቷ ዐረብ ሀገር ልጅ ልካ ቆርቆሮ ቤት ሠርታለች። ልጁ የሚሰጣት ሥራ የለውም። ምክሩ ግልጽ ነው ጋሼ፣ ግን ምን ታድርገው? "አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?" ብለን ብንጠይቃትና ሰው ሁሉ እያየ ብትሞክረው ይሻላል ባይ ነኝ።

የቀድሞ ኪነት

እሱን ገበሬ በደንብ ገባኝ። ይሁን፣ ጥያቄ ይቅረብ። ግን የሚጠይቀው ልጅ፣ አወያዩ፣ በደንብ የሠለጠነ ይሁን። ደካማ አወያይ ካለ ሕዝቡ እርስ በርሱ ይጨቃጨቅና ጉዳዩ ይበተናል።

ከጅዳ መልስ

ሰላም። እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ይህን ግን ማለፍ አልቻልኩም። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያዊ ስትመልስ ከተመለሱት አንዷ ነኝ።

ስለ ስደት የሚሠሩ ድራማዎችን ባየሁ ቁጥር የማዝነው በደላላው ነው። ሁልጊዜ መነጽር አድርጎ፣ ጮክ ብሎ እየሳቀ፣ ብር እየቆጠረ ይገባል። እንደዚያ ዓይነት ሰው ወደ እኛ ቤት ቢመጣ እናቴ ከበር ትመልሰው ነበር።

የመጣው ሰው ዘመድ ነው። በስም የምንጠራው፣ ለቅሶ ላይ አብሮን የተቀመጠ ሰው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናውን ጠጣ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ አወራ። የእኔን ጉዳይ ያነሣው በረካው ሲቀዳ ነው። እኔን አላየኝም። እናቴን ነው ያናገራት። "እንደ ልጄ ነው የማያት" አላት። እኔ ስኒውን በሁለት እጄ ስሰጠው ቀና ብዬ አላየሁትም፣ ነውር ነዋ። የተወሰነው እዚያ ላይ ነው። ማንም አልጮኸም።

ልጆቹ ይህን መጫወት ከቻሉ ቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ደላላው ጭራቅ ከሆነ ግን እናቶች "የእኛው ሰውዬ እንዲህ አይደለም" ብለው ይሄዳሉ።

ሌላም ልጨምር። ከተመላሾች መሀል ልጅ ካለቻችሁ የራሷን ታሪክ በራሷ አፍ እንድትጫወት አታድርጓት። ብትጠይቁኝ እኔ ራሴ እምቢ እል ነበር። ሰው አይቶኝ ሲያለቅስ ማየት አልፈልግም።

ቦርከና

እህቴ፣ ስለጻፍሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አንድ ሙሉ ሥልጠና ነው የሰጠሽን።

ጦሳ ሥር፣ ከዚህ ላይ የአካል ልምምዱን ሥሪ። ማን ከማን በላይ እንደሆነ በእኛ ባህል አካል ላይ ተጽፏል። ልጆቹ ያውቁታል፣ ግን ማወቃቸውን አያውቁም። አንድ ስኒ አምጪ። አንዲት ልጅ ለታናሽ ወንድሟ ትስጠው። ከዚያ ለአባቷ። ከዚያ ለማታውቀው እንግዳ። ከዚያ ለዚህ ዘመድ ለሆነው ደላላ። ቃል የለም። የቀሩት ያዩትን ይናገሩ፦ ክንዷን በሌላ እጇ ደገፈች ወይስ አልደገፈችም? ወገቧ ምን ያህል ጎነበሰ? ዓይኗ የት ነው ያረፈው? ከሰጠች በኋላ ጀርባዋን ሰጥታ ሄደች ወይስ ወደ ኋላ ተራመደች?

በሁለተኛው ዙር ለደላላው ስትሰጠው ዓይኑን ታየው በዪ። ያን ብቻ ቀይሪ። ክፍሉ ውስጥ ያለው አየር ሲለወጥ ታዪያለሽ። ደላላ የሆነው ልጅ ሳይነገረው ይቁነጠነጣል። ከተመልካቹ የምትገባው ሴት ብዙ ጊዜ የምትቀይረው ይህንኑ ነው፣ ከቃሉ በፊት።

ከዚያ የሐውልት ልምምድ አለ። አራት ልጆች ሆነው "ደላላው የመጣ ቀን" የሚል የቆመ ሥዕል ይሥሩ፣ ትንፋሽ እስኪሰማ ዝም ብለው ይቁሙ። ሌላ ልጅ መጥቶ እያንዳንዱን ትከሻውን ይንካ፤ የተነካው ገፀ ባህሪው በልቡ የሚያስበውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር። እናትየዋ ምን ትል ይሆን? "ባትሄድስ ምን አበላታለሁ?" ካለች በኋላ የተላከላችሁን ጽሑፍ መልሳችሁ ክፈቱት። የእናትን ቃል ራሳቸው ያስተካክሉታል።

ሐይቅ ዳር

ከሥራው ውጭ ስላለው ነገር ልናገር፣ ብዙ ክበብ የሚፈርሰው በእሱ ነውና። ሴቶቹ ይበዛሉ ብለሻል። ጥናቱ ሳይመሽ ይለቅ። ወላጆችን አንድ ቀን ጥሪያቸው፣ ቁጭ ብለው ይዩ። አንዲት እናት አይታ ከወደደችው ሌሎቹን እሷ ታሳምንልሻለች።

ሁለተኛ፣ የማቆሚያ ቃል ይኑራችሁ። "በቃ" ከተባለ ወዲያው ሁሉም ይቆማል፣ ማንም አይጠየቅም። ጥፊ፣ መግፋት፣ ልብስ መጎተት በእውነት አይደረግም፤ በጥናትም በትዕይንትም። ቦርከና የነገረን ተዋናይ በመጥረጊያ ተደብድቧል። የእኛዎቹ ልጆች እንዲደበደቡ አንፈልግም። አወያዩ ተመልካች ሲያስገባ "እጅ አንነካካም፣ ሌላውን ሁሉ ማድረግ ይቻላል" ብሎ ይጀምር።

ሦስተኛ፣ ስልክ። ልጅቱ ስታለቅስ የቀረጸ ሰው ማታውኑ ቲክቶክ ላይ ይጥለዋል። ሰው ድራማ መሆኑን ሳያውቅ የእሷ ታሪክ ነው ብሎ ያወራል። ከመጀመራችሁ በፊት አትቅረጹ ብላችሁ ለምኑ፣ ክበቡ ራሱ የቀረጸውን ብቻ ልቀቁ።

ድምፀ መረዋ

በሐይቅ ዳር ላይ አንድ ልጨምር፤ ከገፀ ባህሪ መውጣት። ብዙ ሰው መግባቱን ያስተምራል፣ መውጣቱን አያስተምርም። የተደበደበችውን ልጅ የተጫወተች ተዋናይ እንደዚያው ሆና ወደ ቤቷ መሄድ የለባትም። ነጠላው የገፀ ባህሪዋ ከሆነ ታውልቀውና አጣጥፋ ታስቀምጠው። እጅና እግሯን ታራግፍ፣ የራሷን ስም ጮክ ብላ ትናገር፣ ማታ ቤት ምን እንደምትሠራ ለጓደኛዋ ትንገራት። ደላላውን የሚጫወተውም እንዲሁ። ልጆች ከጥናት ውጭ "ደላላው" እያሉ ሲጠሩት ሰምቼ አውቃለሁ። ያ ወዲያው መቆም አለበት።

ጦሳ ሥር

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ያላችሁኝን እየሠራን ነው። እንካ ሰላንቲያውን በጣም ወደዱት፣ ከጥናት በኋላ መንገድ ላይ ሁሉ ይጫወቱታል። የስኒው ልምምድ ላይ ደግሞ እናት ሆና የምትጫወተዋ ልጅ፣ ያ መጀመሪያ ፊቷ ባዶ ነው ያልኳችሁ፣ ደላላው ስኒውን ሲቀበል በዝምታ ጀበናውን አንሥታ ወደ ራሷ አስጠጋችው። ማንም አልነገራትም። "ለምን?" ስላት "ተጨማሪ እንዲጠጣ አልፈለግሁም" አለች።

አሁን ያቃተን ተመልካቹ ሲገባ ነው። ከሌላ ክበብ ልጆች ጠርተን ሞከርነው። አንዲት ልጅ ገብታ ደላላውን "ውሉን አሳየኝ፣ የአሠሪዋን አድራሻ አሳየኝ" አለችው። የእኛ ልጅ ወዲያው "እሺ አይ፣ ይቅር" ብሎ ወጣ። በሁለተኛው ሙከራ "እልህ ግባ" አልነው፤ የገባችውን ልጅ በነገር አፋጥጦ አፏን አስያዛት። ተቀመጠች፤ ሌላ እጅ የሚያወጣ ጠፋ። መሀሉን እንዴት ላስተምረው?

ቦርከና

የዚህ ሥራ ከባዱ ቦታ እዚህ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ደላላው ቶሎ ከተሸነፈ ውሸት ነው። ተመልካቹ "በእውነት እንዲህ ቀላል ቢሆንማ" ይላል። ካልተሸነፈ ደግሞ ልጆቹ ተስፋ ይቆርጣሉ። ልጁ እንዲያሸንፍም እንዲሸነፍም አትንገሪው። ደላላው ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ምን ቢያጣ እንደሚሄድ ልጁ ልቅም አድርጎ ይወቅ። የሚፈልገው ኮሚሽኑን ነው። የሚፈራው ስሙ በሰፈር እንዳይነሣ ነው። ፖሊስ ቢባል ላይደነግጥ ይችላል፤ "እድር ላይ አነሣዋለሁ" ብትለው ግን ይደነግጣል። ይህ ዝርዝር በልቡ ካለ እያንዳንዱን አዲስ ሐሳብ በእሱ ይመዝነዋል። የሰማው ነገር ፍርሃቱን ከነካው በእውነት ያፈገፍጋል። ካልነካው በትሕትና ይመልሳል፣ እንደ ልጄ ነው የማያት ይላል።

ውሉን አሳየኝ ባለችው ጊዜ ምን ማድረግ ነበረበት? "ውሉ አዲስ አበባ ነው፣ ኤጀንሲው ጋ" ቢል መንገድ አልዘጋም፣ በሩንም አልከፈተም። ልጅቷ "እንግዲያው ሲመጣ እንነጋገራለን" የማለት ዕድል አላት። ወይ ወደ እናቷ ዞራ "እማ፣ ያላየነውን ነገር ልትፈርሚ ነው?" ትላለች። ድራማው ቀጠለ ማለት ነው።

የማሠራው ልምምድ ይኸውና። ደላላው ወንበር ላይ ይቀመጥ። አምስት ስድስት ልጆች ተራ በተራ እየመጡ ልጅቷን ሆነው ይሞክሩት። ለእሱ አንድ ሕግ ብቻ ስጪው፦ መልስ ከመስጠትህ በፊት አንድ ትንፋሽ ውሰድ። የሚቸኩለው ስለሚፈራ ነው። ያቺ አንድ ትንፋሽ ሰምቶ እንዲመልስ ጊዜ ትሰጠዋለች። የቀሩት ተቀምጠው የሚያዩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "በእውነት የተነካው መቼ ነው?" ሲያልቅ ይንገሩት። አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ በፊት ያውቁታል።

ከተመልካቹ የገባው ሰው ጀማሪ መሆኑን ደግሞ ልጁ አይርሳ። ቃል የጠፋባትን ሴት ማፋጠጥ ነውር ነው። ደላላው በዚያን ጊዜ ስኒውን ያስቀምጥ፣ "እህ፣ ምን ትያለሽ ልጄ?" ይበላት፣ ይጠብቃት። ከገፀ ባህሪው አልወጣም፣ ግን አገዛት።

የቀድሞ ኪነት

ቦርከና ደህና አስቀመጠው። እኔ ስለ አወያዩ ልናገር ብያለሁ።

አወያይዋን ከአሁኑ ምረጪ። ቆንጆ ተናጋሪዋን አትምረጪ፤ የምትታገሠዋን ምረጪ። ጥያቄ ጠይቃ ዝም ማለት የምትችል ትሁን። ጀማሪ አወያይ ዝምታ ያስጨንቃትና ራሷ መልሱን ትናገራለች። "ልክ አይደለም አይደል?" የሚል ጥያቄ ከአፏ አይውጣ፤ ሕዝቡ "አዎ" ይልና አለቀ። "እናትየዋ ቦታ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?" ትበል። ሽማግሌ ቢናገር በአክብሮት ትቀበለው፣ ግን ማይኩን ይዞ እንዳይቀር "አባባ፣ ይህን ቢያሳዩን" ብላ ወደ መድረኩ ትጋብዘው። ከመጣ ጥሩ ነው። ካልመጣም ሌላ ሰው ዕድል ያገኛል።

ክቡን ደግሞ እንድትዞር አለማምጃት። የገበያ ተመልካች በአራቱም ማዕዘን ነው የሚቆመው። ለአንዱ ፊት ስትሰጪ ለሌላው ጀርባ ሰጠሽ። ጥያቄ በጠየቀች ቁጥር ቦታ ትቀይር። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ ከኋላ ይቆማሉ፤ እነሱ ጋ ትሂድ። ሄዳ አጠገባቸው ስትቆም ነው የሚናገሩት።

ጦሳ ሥር

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። አወያይዋን አገኘኋት መሰለኝ፤ ከሁሉም ዝምተኛዋን።

የመጨረሻ ጥያቄ። ድርጅቱ መጨረሻ ላይ ባለሙያ ወጥቶ ይናገር ማለቱን አልተወም። ገንዘቡን የሰጡት እነሱ ናቸው። ምን ላድርግ?

ሐይቅ ዳር

አታባርሩት፣ ያስፈልጋል። ሰው በእውነት የሚጠይቀው ነገር አለ። በሕግ ለመሄድ 18 ዓመት መሙላት እንዳለባት፣ ውል ማየትና መፈረም እንደሚገባት፣ ሕጋዊውን ኤጀንሲ እንዴት እንደምትለይ የሚነግር ሰው ጥሩ ነው። ድራማው ውስጥ ግን አይግባ። ድራማው ሲያልቅ አወያይዋ ታስተዋውቀውና ዛፍ ሥር ወንበርና ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጥ። መቅረብ የፈለገ ብቻውን ሄዶ ይጠይቀው። ሰው ፊት የማትጠይቅ ልጅ እዚያ ትጠይቃለች። ለድርጅቱም ስንት ሰው እንደቀረበ መዝግበሽ ስጪያቸው፤ የሚፈልጉት ሪፖርት እሱ ነው።

ከጅዳ መልስ

ጦሳ ሥር፣ እኔም ደሴ ነኝ። መድረክ ላይ አልወጣም ብያለሁ፤ አሁንም እንደዚያው ነው። ግን ደላላውን የሚጫወተውን ልጅ ባየው ደስ ይለኛል። አነጋገሩን፣ አቀማመጡን አስተካክልለት ነበር። እናትየዋንም ጭምር። ከፈቀዳችሁ ጥናት የምታደርጉበትን ቀንና ሰዓት በውስጥ መልእክት ጻፊልኝ።

ጦሳ ሥር

እህቴ፣ ልቤ ሞላ። አሁኑኑ እጽፍልሻለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ ቡና እናፈላለን፣ ስኒው መቼም አለ።